የቡጢ ዋጋና የቡጢኛው ድርሻ

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ምሽት በኒው ዮርክ ከተማ፣ ያንኪ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ፣ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ሁለት ሰዎች በቡጢ ሲደባደቡ ይመለከት ነበር። አንደኛው የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ነው፤ በአላባማ የሰው መሬት እያረሰ ጥጥ ከሚያመርት ጢሰኛ ቤተሰብ የተወለደ። ሁለተኛው ፕሪሞ ካርኔራ የሚባል፣ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ኢጣሊያዊ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ። የወልወል ግጭት ከተፈጸመ ገና ሰባት ወር አልሞላውም። የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደርና መድፍ ጭነው ወደ ምፅዋና ወደ ሞቃዲሾ ይመላለሱ ነበር። ስለዚህ በዚያች ምሽት በገመድ በታጠረው መድረክ ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ጆ ሉዊስ ኢትዮጵያ ነበር፤ ካርኔራ ደግሞ ሮማ። የመድረኩ አስተዋዋቂ ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ በዘር ስሜት እንዳይነሣሣ ለመማፀን ተገደደ። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ተደጋግሞ ወድቆ ዳኛው ግጥሚያውን ሲያስቆም ሐርለም በደስታ ተናወጠ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በኩራት ይተርከዋል፤ ኩራቱም አያስነቅፍም። ቡጢው ግን አንድ ታንክ እንኳን አላቆመም፤ ከሦስት ወር በኋላ ወረራው መጣ። እዚህ ላይ ላነሣው የምፈልገው ግን ስለ ወረራው አይደለም። በዚያ ምሽት ከትኬት የተሰበሰበው ገንዘብ ወዴት ሄደ? የወደቀው ሰው ስንት አገኘ? የጣለውስ? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡ በትክክል ሲጠየቅ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይወጣል፦ ሰው የገዛ አካሉን ጉዳት ለገበያ ሲያቀርብ የዋጋው ባለቤት ማን ነው? (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተሸናፊው እንጀምር፤ አሸናፊውን የሚያነሣ ብዙ ነውና። ካርኔራ በሰሜን ኢጣሊያ ሴኳልስ በምትባል መንደር ተወልዶ በድህነት ያደገ ሰው ነው። ፈረንሳይ አገር ከተሰደደ በኋላ በተዘዋዋሪ ሰርከስ ውስጥ ግዙፍነቱን እያሳየ እንጀራውን ሲጋግር አንድ የቡጢ ነጋዴ አየው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። እዚያ የያዙት ሰዎች በሕገ ወጥ መጠጥ ንግድ የታወቁ የኒው ዮርክ ወሮበሎች ነበሩ። ብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹ አስቀድሞ እንዲወድቁ የተከፈላቸው እንደነበሩ በሰፊው ተጽፏል፤ እሱ ራሱ ግን የሚያሸንፈው በጉልበቱ እየመሰለው እንደነበር የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በ1933 ሻምፒዮን ሆነ። ሙሶሊኒ በሮም ተቀምጦ ግጥሚያውን ተመለከተለት፤ ጥቁር ሸሚዝ አልብሶም ለፋሺስት ኢጣሊያ ጉልበት ምሳሌ አደረገው። በ1934 ማክስ ቤር የሚባለው አሜሪካዊ አሥራ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ ሻምፒዮንነቱን ወሰደበት። ያን ሁሉ ዓመት የገባው ገንዘብ በአስተዳዳሪዎቹ እጅ ቀልጦ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ካርኔራ እንጀራ ያገኘው በነፃ ትግል ትርኢት ነው። ስለ ሕይወቱ ሳይቀር ሌላ ሰው ነገደበት፤ በድ ሹልበርግ የተባለው ደራሲ በ1947 የእሱን ታሪክ በሚመስል ታሪክ ላይ ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1956 ወደ ፊልም ተለወጠ፤ ካርኔራ ስሜ ጠፋ ብሎ ቢከስም ተረታ። ልብ ወለዱ የቡጢ ንግድን ያጋለጠ ሥራ ነው። ያም ሆኖ፣ የተበደለውን ሰው በደል አውጥቶ ያሳየው ሥራ ለተበደለው ምን አተረፈለት ብሎ መጠየቅ ለእኛ ለብዕር ሰዎች የማይመች ጥያቄ ነው። ስለማይመች ብቻ ግን አይታለፍም።

ወደ አሸናፊው እንምጣ። ጆ ሉዊስን ከአማተርነት አውጥተው ለገንዘብ ቡጢ ያበቁት ሁለት ጥቁር ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ግጥሚያ የሚያዘጋጅለት ደግሞ ማይክ ጄኮብስ ነው፤ ትኬት በርካሽ ገዝቶ በውድ በመቸርቸር ንግድ የጀመረ የኒው ዮርክ ሰው። ሥራ አስኪያጆቹ የሉዊስን ገቢ ግማሹን ይወስዱ ነበር። የጄኮብስ ድርጅት ደግሞ በስተጀርባው ምሥጢራዊ ሸሪኮች ነበሩት፤ ሦስት ስመ ጥር የስፖርት ጋዜጠኞች። አንባቢ ይህን ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። ጠዋት በጋዜጣ ላይ ስለ ቡጢኛው ክንድ የሚያደንቀው ብዕር ማታ ከትኬቱ ትርፍ ድርሻ ነበረው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1937 ሉዊስ ሻምፒዮን የሆነው ጄምስ ብራዶክን በዝረራ ጥሎ ነው። ያ ግጥሚያ እንዲፈቀድ የብራዶክ ወገን የጠየቀው ዋጋ የሚገርም ነበር፦ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ጄኮብስ ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ግጥሚያዎች ከሚያገኘው ትርፍ ከመቶ አሥር። ይህ ማለት ብራዶክ በአንድ ምሽት ለተቀበለው ድብደባ አሥር ዓመት ጡረታ ተቆረጠለት ማለት ነው። ብልህ ውል ነው፤ በቡጢ ታሪክ ውስጥ የተመታ ሰው እንዲህ አርቆ ያሰበበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውሉን በደንብ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። የብራዶክ ጡረታ የሚወጣው ወደፊት ሉዊስ ከሚሰጠውና ከሚቀበለው ቡጢ ነበር። ሉዊስ ገና ቀበቶውን ሳይታጠቅ የሚመጡት ዓመታቱ በቅድሚያ ተከፋፍለዋል።

በ1942 ሉዊስ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮንነቱን ይዞ የተጋጠመው ድርሻውን አሳልፎ ለመስጠት ነው፤ አንደኛውን ለባሕር ኃይሉ፣ ሁለተኛውን ለምድር ጦሩ የመረዳጃ ገንዘብ። በጊዜው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥቁሮችን የሚቀጥረው ምግብ ለማቅረብና ሳህን ለማጠብ ብቻ ነበር። ከዚያም ራሱ ወታደር ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሲያወጣ ለመንግሥት ጦር የሰጠው ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢ ተቆጠረበት፤ ዕዳው ከወለዱ ጋር እያደገ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ጡረታ የወጣው ሰው ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ከገመዱ አሳልፎ ሲጥለው ዕድሜው 37 ነበር። ከዚያ የነፃ ትግል ትርኢት፤ ከዚያ ደግሞ በላስ ቬጋስ አንድ ትልቅ የቁማር ቤት ደጃፍ ላይ እንግዳ መቀበል። እስከ 1981 ድረስ፣ እስኪሞት፣ ሰዎች የጨበጡት ያ የታወቀ እጅ ነው። ሲሞት መንግሥት በጀግኖች መቃብር ቀበረው።

እንግዲህ በያንኪ ስታዲየም የቆሙት ሁለት ሰዎች፣ «ኢትዮጵያ»ውም «ሮማ»ውም፣ በሒሳቡ መዝገብ ላይ አንድ ሆኑ። በመካከላቸው የነበረው ጠላትነት እውነተኛ መስሎ የታየው ለተመልካቹ ነው። ለሒሳብ ያዡ ሁለቱም የአንድ እርሻ በሬዎች ነበሩ።

በአገራችን የመሬት ሥሪት ውስጥ ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል የሚባሉ ቃላት እንደነበሩ የማያስታውስ የለም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን እስኪሽር ድረስ ጢሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም ሩቡን ለባለመሬት ይሰፍር ነበር፤ በሬና ዘር የባለመሬቱ ሲሆን ደግሞ እኩል። የሉዊስ ወላጆችም በአላባማ የሚያውቁት ይህንኑ ዓይነት ሕይወት ነው። ልጁ ከዚያ ያመለጠ ይመስል ነበር። ዛሬም ቢሆን በፕሮፌሽናል ቡጢ ዓለም ልማድ ሥራ አስኪያጅ እስከ ሲሶ ይወስዳል፤ አሠልጣኝ ከመቶ አሥር፤ የሻምፒዮንነት ማዕረግ ሰጪ ማኅበራት ደግሞ ከመቶ ሦስት ያህል ይቆርጣሉ። ማኅበራቱም አንድ አይደሉም፤ አራት ናቸው፤ አራቱም «የዓለም» ሻምፒዮን ይሾማሉ። ከዚያ ግብር ይመጣል። ስንቅ፣ ሐኪም፣ የልምምድ ጓደኛ የሚከፈለው ከቀረው ነው።

ሆኖም ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ጢሰኛ ሲሶውን ሰፍሮ ሲጨርስ መሬቱ በመጪው ክረምት እንደገና ያበቅላል። የቡጢኛው መሬት ግን የራሱ ጭንቅላት ነው። በ1928 ሐሪሰን ማርትላንድ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ብዙ የተመቱ ቡጢኞች እንደ ሰካራም የሚያንገዳግዳቸውና አእምሮን የሚያደክም ሕመም እንደሚይዛቸው በሕክምና መጽሔት ላይ አሳወቁ። ይህ ከሉዊስና ከካርኔራ ግጥሚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ አላወቅንም የሚባልበት ጊዜ ያኔውኑ አልፎ ነበር። ሸማኔው ሸማውን ሲሸጥ እጁ ይቀርለታል። ቡጢኛው የሚሸጠው ከራሱ የሚጎድለውን ነው። ስለዚህ ክፍያው ደመወዝ ነው ወይስ ካሣ? ደመወዝ ከሆነ ለሥራው ሰዓት ከፍሎ መለያየት ይበቃል። ካሣ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲገለጥ ዕዳው ገና አልተከፈለም።

የሚመጣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ቡጢኛው ወዶ ነው የገባው፤ ውሉን የፈረመው በገዛ እጁ ነው፤ ከከሰል ማዕድንና ከጥጥ እርሻ ይሻለኛል ብሎ መርጧል፤ ለአዋቂ ሰው ምርጫ ሞግዚት ማቆም ንቀት ነው ይባላል። እኔም በንቀቱ በኩል እስማማለሁ። ድሀ ሆኖ የፈረመ ሁሉ አላዋቂ ነው ማለት አይቻልም። ግን ፈቃድ እንዲሞላ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ የሚሰጠውን ማወቅና የሚቀበለውን ማወቅ። የሚሰጠውን ማንም አያውቅም፤ ጉዳቱ ገና አልታየምና። የሚቀበለውን ደግሞ እንዳያውቅ የንግዱ አሠራር ራሱ ጋርዶበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዘጋጁ ሁለቱንም ተጋጣሚዎች ይገዛል። ለእያንዳንዳቸው የተቆረጠ ገንዘብ ይነግራቸዋል። እሱ ደግሞ ከትኬት፣ ከሲኒማ ቤት ሥርጭት፣ በኋላም ከቴሌቪዥን፣ ከማስታወቂያና ከቁማር ቤት የሚያገኘውን በሌላ መዝገብ ይይዛል። ተፎካካሪ የሻምፒዮና ዕድል ሲጠይቅ «ካሸነፍክ የሚቀጥሉት ግጥሚያዎችህ የእኔ ናቸው» የሚል ውል ይቀርብለታል። ስለዚህ ማንም ያሸንፍ ማን አዘጋጁ አይሸነፍም። ዕድሉም ራሱ ይሸጥ ነበር። ጄክ ላሞታ በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በ1947 ሆን ብሎ መሸነፉን መሰከረ፤ ምክንያቱም ያን ካላደረገ ለሻምፒዮንነት የሚጋጠምበት በር አይከፈትለትም ነበር። ሻምፒዮን የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጀግንነቱን ለማሳየት መጀመሪያ ክብሩን እንዲሸጥ ተጠየቀ፤ ሸጠም። በዚያ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያዎችን ከሞላ ጎደል በእጁ ጠቅልሎ የያዘውን ድርጅት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1959 በሞኖፖልነት እንዲፈርስ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቶበታል።

ለአዘጋጁም ፍርድ አናጓድል። ግጥሚያ ከሰማይ አይወርድም። ሜዳ የሚከራይ፣ ቀብድ የሚከፍል፣ ዝናብ ቢመጣ የሚከስር ሰው ያስፈልጋል፤ የከሰሩም አሉ። በማርች 1971 መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር ሲጋጠሙ ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ያን ያህል ገንዘብ ለአደጋ ያጋለጠ አዘጋጅ ስለተገኘ ነው፤ ሉዊስ ይህን በሕልሙም አላየውም። በኦክቶበር 1974 ደግሞ ዶን ኪንግ አሊንና ጆርጅ ፎርማንን ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቶ ወደ ኪንሻሳ ወሰዳቸው። ከፋዩ የሞቡቱ መንግሥት ነበር። ግጥሚያው የተደረገው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ያን ጊዜ ገና ምሽት ስለሆነ። የዛየር ሕዝብ በገንዘቡ ለተደገሰ ድግስ በሌላ አገር ሰዓት ተቀሰቀሰ። አፍሪካ በዚያ ሌሊት በአሊ ኮርታለች፤ ኩራቱ ውሸት አልነበረም። ደረሰኙ ግን በማን ስም እንደተጻፈ ጥቂቶች ጠየቁ።

አሊ ራሱ ከስድስት ዓመት በኋላ ዋጋውን አየ። በኦክቶበር 1980፣ በ38 ዓመቱ፣ ከላሪ ሆምስ ጋር ሲጋጠም በውሉ 8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈለው ነበር። አሥር ዙር ሙሉ ተደበደበ፤ ክፍያው ግን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎደለ። ኪንግን ከሰሰ፤ በኋላም 50 ሺህ ዶላር በጥሬው ተቀብሎ ክሱን እንደተወ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ዘግበዋል። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም ምልክቶች እንዳሉበት ተነገረ። ማይክ ታይሰንም በ1998 ይኸንኑ አዘጋጅ 100 ሚሊዮን ዶላር ከሶ በ2004 በ14 ሚሊዮን ታርቋል። ሦስት ትውልድ፣ ሦስት የከባድ ሚዛን ነገሥታት፣ አንድ ዓይነት ሒሳብ።

እዚህ ላይ የእኛ አዝማሪ ትዝ ይለኛል። ግጥም የሰጠውም፣ ዘፈኑ ደስ ያሰኘውም ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አዝማሪ ሀብታም ሆኖ አያውቅም፤ ከበሬታም ተነፍጎት ኖሯል። ግን በዚያች ቅጽበት ስንት እንደተሰጠው እሱም፣ ሰጪውም፣ ቤቱ ሙሉ ሰውም ያያል። በጥበብና በጉልበት ዋጋ መካከል የሚገባውን መጋረጃ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም።

መጋረጃውን ለመቅደድ ሦስት ሙከራዎች ተደርገዋል። የመጀመሪያው እምቢ ማለት ነው። ኩባ ከአብዮቱ በኋላ ፕሮፌሽናል ስፖርትን አገደች፤ በ1972፣ በ1976ና በ1980 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ቴዮፊሎ ስቲቨንሰን ከአሊ ጋር እንዲጋጠም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቢቀርብለት የወገኖቼ ፍቅር ይበልጥብኛል ብሎ መለሰ። ውሳኔው ያስከብረዋል። ይሁንና እምቢታው የሚቻለው አገር ቤት ሌላ መኖሪያ ላለው ነው፤ ኩባም ራስዋ በ2022 ቡጢኞችዋ ለገንዘብ እንዲጋጠሙ ፈቀደች። ሁለተኛው ሕግ ነው። በአሊ ስም የተሰየመው የ2000 የአሜሪካ ሕግ አዘጋጁ ከግጥሚያው የሚያገኘውን ገቢ ለቡጢኛው እንዲገልጽለት ያዛል፤ አስገድዶ የሚያስሩ ውሎችንም ይገድባል። ዝቅተኛ ክፍያ ግን አይወስንም። ሦስተኛው ደግሞ ባለቤት መሆን ነው። ፍሎይድ ሜይዌዘር በ2006 ከአዘጋጁ ጋር የነበረውን ውል 750 ሺህ ዶላር ከፍሎ አፈረሰና የራሱ አዘጋጅ ሆነ። በ2015 ከማኒ ፓኪያኦ ጋር ሲጋጠም 4.6 ሚሊዮን ቤቶች በቴሌቪዥን ለማየት ከፈሉ፤ ከሁለቱ ድርሻ እሱ 60 እጅ ወሰደ። ብዙዎች ይህን ነፃ መውጣት ብለው ያወድሱታል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ጢሰኛው ባለመሬት ሆነ፤ ሌሎቹ ጢሰኞች ግን እዚያው ናቸው። በየከተማው አዳራሽ አራት ዙር ተጋጥሞ ጥቂት መቶ ዶላር ይዞ የሚወጣው ወጣት ከዚህ ታሪክ ያገኘው ሕልም ብቻ ነው፤ ሕልሙም እንደገና ወደ ገበያው ይስበዋል።

ሦስቱም ሙከራዎች የዘለሉት አንድ ባለዕዳ አለ፤ እሱም እኛው ነን። ሙሶሊኒ ከካርኔራ ድርሻውን ወስዷል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሉዊስ ወስዷል፤ ሞቡቱ ከአሊ ወስዷል። እኛም በ1927 ዓ.ም. ሰኔ በዚያ ጥቁር ወጣት ክንድ ላይ የአገራችንን ስም ጽፈን ደስታችንን ወስደናል። ሐርለም ደስ ሲላት ቢያንስ ትኬት ገዝታለች። የእኛ ደስታ በነፃ የመጣ ነው። ይህን የምለው ደስታውን ለማሳጣት አይደለም፤ በችግር ዘመን ከሩቅ የመጣ ወዳጅ ክንድ ምን ማለት እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁታል። ሆኖም በሰው ጉዳት የተደሰተ ሰው፣ ደስታው ምንም ያህል ክቡር ዓላማ ቢኖረው፣ ከጉዳቱ ባለቤት ጋር ሒሳብ አለው ብዬ አምናለሁ። አዘጋጁን ብቻ መውቀስ ይህን ሒሳብ ከእኛ ላይ ለማራገፍ ይመቻል።

ይህን ዕዳ በተግባር ለመክፈል የሞከረ አንድ ቦታ አለ። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1982 ጀምሮ ለቡጢኞች ጡረታ አቋቁሟል። ገንዘቡ የሚመጣው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ ከምትቆረጥ፣ አንድ ዶላር እንኳን ከማትሞላ ሳንቲም ነው፤ የሚከፍለው ተመልካቹ ነው ማለት ነው። በዚያ ግዛት የተወሰነ ዙር የተጋጠመ ቡጢኛ 50 ዓመት ሲሞላው ድርሻውን ይቀበላል። በ2023 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ባደረገው ምርመራ የጡረታ መብት ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ገንዘቡን እንዳልወሰዱ ተገለጠ። አንዳንዶቹ አድራሻ ለውጠዋል። አንዳንዶቹ ጡረታ የሚባል ነገር እንዳላቸው ሰምተው አያውቁም። የማስታወስ ችሎታቸው ለደከመባቸው ደግሞ ደብዳቤው ቢደርስም የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋል።